«ቲቸር፣ ነገስ ይመጣሉ?»

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? 25 ዓመቴ ነው። የምጽፍልዎት ከፍኖተ ሰላም ወጣ ካለች የገጠር ቀበሌ ነው፤ ስሟን አይጥቀሱብኝ። በሒሳብ ተመርቄ ሥራ ሳላገኝ ሁለት ዓመት ሆነኝ። እኛ ዘንድ ትምህርት ቤቱ ከተዘጋ ቆይቷል። ትንንሾቹ ከብት ይጠብቃሉ። ትልልቆቹ ባጃጅ ላይ ይንጠለጠላሉ ወይ ፑል ቤት ይውላሉ፤ ሁለቱ ደግሞ ለማንም ሳይናገሩ በመተማ በኩል ሄደዋል። ዝም ብዬ ማየቱ ሲያቅተኝ የደብሩን አስተዳዳሪ ለምኜ ሰንበቴ ቤቱ ውስጥ ልጆች ማስተማር ጀመርሁ። መጀመሪያ 31 ነበሩ። አሁን 12 ቀርተዋል። ትልልቆቹ ወንዶች ከነጭራሹ ዝር አይሉም። አትላንታ ያለችው የአክስቴ ልጅ በደወለች ቁጥር «እዚህ ጥቁር አሜሪካውያን ለልጆቻቸው የሚያደርጉትን ብታዪ! ሜንተር የሚባል ነገር አላቸው፣ ከነሱ ተማሩ» ትለኛለች። እኔ ስለነሱ የማውቀው ፊልም ላይ ያየሁትን ብቻ ነው። እውነት ከነሱ የምንማረው አለ? ወይስ የዲያስፖራ ወሬ ነው? የሄዱትን ልጆችስ ምን ብዬ ልመልሳቸው?

መልስ፦ የኔ ልጅ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ከሁሉ በፊት 12ቱን አትናቂያቸው። 31 ልጅ አዲስ ነገር ለማየት ይመጣል፤ የቀሩት 12 ግን ወደውሽ የቀሩ ናቸው።

ስለ ራሴ ትንሽ ላጫውትሽ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ጡረታ ከመውጣቴ ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ ስሙን የማልጠራው አንድ ድርጅት «ወጣቶችን አነቃቃልን» ብሎ ጋበዘኝ። አዳራሽ ተከራይተዋል። ባነር ተሰቅሏል። ለልጆቹ ቲሸርትና የታሸገ ውሃ፣ ለኔ አበል ተዘጋጅቷል። ሁለት ሰዓት ሙሉ ስለ ራዕይ፣ ስለ ዓላማ፣ ስለ ጽናት ተናገርሁ፤ እንዴት ያለ ንግግር መሰለሽ፣ ለራሴም ደስ ብሎኝ ነበር። አጨበጨቡልኝ። ስወጣ አንድ የሊስትሮ ሳጥን የያዘ ልጅ በር ላይ ጠበቀኝና «ቲቸር፣ ነገስ ይመጣሉ?» አለኝ። «ነገማ ሌላ ወረዳ ነው የምሄደው» አልሁት። «እ» አለና ሄደ። ሌላ ምንም አላለም። ያ «እ» እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። ከዚያ ወዲህ ስለ ወጣቶች የሚጻፍ ነገር ባነበብሁ ቁጥር የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ በማግስቱ የመጣው ማን ነው? የአክስትሽ ልጅ የምትነግርሽንም በዚሁ ዓይን ነው የምመልስልሽ።

በመጀመሪያ ግን የነሱ ታሪክ ከኛ ታሪክ ጋር አንድ እንዳይመስልሽ። የነሱ አያቶች በባርነት ተሸጠው የሄዱ ናቸው። በብዙዎቹ የደቡብ ግዛቶች ባሪያ ማንበብ ማስተማር በሕግ የሚያስቀጣ ነበር። ከባርነት ከወጡ በኋላም መቶ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በሕግ ተለይተው፣ የወደቀ ወንበርና የተቀደደ መጽሐፍ እየተሰጣቸው ነው የተማሩት። ቁስል የየራስ ነው። የሚያገናኘን አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ ደጁ ሲዘጋብህ ልጅህን ምን ታደርገዋለህ? በዚህ ላይ እነሱ የረጅም ጊዜ ልምድ አላቸው።

አንድ ቦታ ብቻ ልንገርሽ። ቨርጂኒያ ውስጥ ፋርምቪል የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። (ለአሜሪካ ነገር የምጠራቸው ዓመታት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) እዚያ የጥቁር ልጆች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተሠራው ለ180 ተማሪ ነበር። በ1951 ግን ከ450 በላይ ታጭቆበታል። የተረፈውን ተማሪ ሬንጅ የተቀባ ወረቀት በለበሱ ዳሶች ውስጥ አጎሩት። ሲዘንብ ያፈሳል፤ ሲበርድ ልጆቹ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ይማራሉ። ባርባራ ጆንስ የምትባል የ16 ዓመት ልጅ መረራትና ለሙዚቃ መምህሯ ሆዷን ነገረቻት። መምህሯ ምን አለቻት መሰለሽ? አይዞሽ አላለቻትም። ታዲያ አንቺ ለምን አንድ ነገር አታደርጊም? ነው ያለቻት።

ልጅቱ መጀመሪያ ቅር አላት። ኋላ ግን አሰበችበት። ጥቂት ተማሪዎችን በምስጢር ሰበሰበች። ኤፕሪል 23 ቀን ርዕሰ መምህሩን በስልክ አታለው ከግቢ አስወጡና ተማሪውን ሁሉ አዳራሽ ጠርተው ትምህርት አቆሙ። (መቼም ርዕሰ መምህር አታልሉ እያልሁሽ አይደለም፤ እኔም ርዕሰ መምህር ሆኜ አውቃለሁ።) ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ1954 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ልጆችን በዘር ለይቶ ማስተማር ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል ብሎ ሲፈርድ፣ አብረው ከታዩት አምስት መዝገቦች አንዱ የነዚህ ልጆች ነበር።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። አላለቀም። የወረዳው ነጭ ባለሥልጣናት ልጆቻችን ከጥቁር ጋር ከሚማሩ ትምህርት ቤት የሚባል ነገር ይቅር አሉና በ1959 የመንግሥት ትምህርት ቤቶችን በሙሉ ዘጉ። ለነጭ ልጆች የግል ትምህርት ቤት ተከፈተ። የጥቁሮቹ ልጆች ሜዳ ላይ ቀሩ። አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት፣ እስከ አምስት ዓመት። የሰባት ዓመቱ ልጅ አሥራ ሁለት ሞላው ማለት ነው፣ ፊደል ሳይቆጥር።

ያን ጊዜ እናቶችና ያስተምሩ የነበሩ ሴቶች በየቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ልጆቹን ሰበሰቡ። ትምህርት ቤት አላሏቸውም፤ ማሠልጠኛ አሏቸው። መጽሐፉ የተለቃቀመ ነው። ወንበሩ የቅዳሴ ወንበር ነው። የቻሉ ወላጆች ልጆቻቸውን ሌላ ከተማ ዘመድ ቤት ላኩ። በ1963 ከውጭ በተዋጣ ገንዘብ ነጻ ትምህርት ቤቶች ተከፈቱና ከ1,500 በላይ ልጅ ገባ። በሚቀጥለው ዓመት ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ስላስገደደ የመንግሥቶቹም ተከፈቱ። ሁሉም ግን አልተመለሰም። አንዳንዱ እርሻ ገብቶ ቀረ፣ አንዳንዱ እንኳን መማር ስሙን መጻፍ እያፈረ አረጀ። በ2004 የቨርጂኒያ መንግሥት ለነዚያ ልጆች የትምህርት ዕድል ገንዘብ ሲመድብ ብዙዎቹ የልጅ ልጅ አይተው ነበር።

የኔ ልጅ፣ ያንቺ ሰንበቴ ቤት ያ ምድር ቤት ማለት ነው። ፊደሉን የያዘው ልጅ ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ይመለሳል። ያልያዘው ግን፣ ሲከፈትም ከትንንሾቹ ጋር መቀመጥ ያፍራል። ስለዚህ 12ቱን ይዘሽ ቆዪ።

አሁን ወደ ቀሩት 19 ልጆች። መቼ ነው የምታስተምሪው? አልነገርሽኝም። ጠዋት ከሆነ ከብት የሚያወጣ ልጅ አይመጣም። ኅዳር ላይ ከሆነ አጨዳ ነው። እኔ ብሆን ገበሬው ሞፈር የማያነሳባቸውን ቀናት እይዝ ነበር። 12፣ 21፣ 27፣ 29። ያኔ ልጁም አባቱም ቤት ነው፣ ሰውም ለቅዳሴ ወጥቶ ደብሩ ግቢ ውስጥ ነው። በዓሉን የሚያከብር ሰው ፊደል መቁጠርን ሥራ ነው ብሎ አይከለክልም፤ ብቻ አስቀድመሽ አስተዳዳሪውን አማክሪያቸው፣ ሳይነገራቸው ከሰሙት ይከፋቸዋል።

ትልልቆቹ ወንዶች ሌላ ነገር ናቸው። ዝም ብለሽ ሰነፎች አትበያቸው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። ልጆቹ ይህን ሰምተዋል። አንቺንም እያዩሽ ነው፤ ተመርቀሽ ቁጭ ብለሻል። «ተምሬስ?» ቢሉሽ ምን ትመልሻለሽ? እኔም መልስ የለኝም። በዚህ ላይ መዋሸት አያስፈልግም፣ ወጣት ውሸት ቶሎ ያሸታል።

ሌላ መንገድ አለ። በ1957 ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ ጆንስ ደሴት በሚባል ቦታ በርኒስ ሮቢንሰን የምትባል ሴት አንዲት ሱቅ ጓሮ ባለች ክፍል ሰዎችን ማስተማር ጀመረች። መምህር አልነበረችም። ጸጉር ሠሪ ነበረች። የመጡት ጥቁር ገበሬዎችና የቤት ሠራተኞች ናቸው፤ ድምፅ ለመስጠት ለመመዝገብ ማንበብ ይጠየቁ ስለነበር ነው የመጡት። ይዛው የሄደችው የሕፃናት መጽሐፍ ነበር። ሰዎቹን ስታይ አፈረችና መጽሐፉን ወደ ጎን አደረገችው። እኔ መምህር አይደለሁም፣ አብረን እንማራለን አለቻቸው። ከዚያ ምን መማር ትፈልጋላችሁ ብላ ጠየቀቻቸው። ስማችንን መፈረም አሉ። ሐዋላ መሙላት አሉ። መጽሐፍ ቅዱስ ማንበብ አሉ። ከዚያው ጀመረች። ያች ክፍል ተባዝታ በደቡቡ ሁሉ ተዳረሰች።

አንቺስ ፑል ቤት ገብተሽ ጠይቀሻቸው ታውቂያለሽ? ሴት ልጅ ፑል ቤት ገባች ይባላል ካልሽ ወንድምሽን ወይ አጎትሽን ይዘሽ ሂጂ። ባጃጅ የሚነዳው ልጅ ምናልባት የመንጃ ፈቃድ ጽሑፉ አስቸግሮት ይሆናል። ሌላው የሞባይል ጥገና ያምረው ይሆናል። ሦስተኛው የሱዳን ገንዘብ በብር ስንት እንደሚመነዘር ቢጠይቅሽ አትደንግጪ፤ አስልተሽ ንገሪው፣ ከዚያ መንገዱ የሚያስከፍለውንም አብራችሁ አስሉ፣ ደላላው የሚወስደውን፣ መንገድ ላይ ሲያዙ የሚከፈለውን። ቁጭ ብሎ ካንቺ ጋር ያሰላ ልጅ ሳይናገር ሌሊት አይሄድም፤ ቢሄድ እንኳ ስልክ ይደውልልሻል። የሄዱትን ሁለቱን ግን አንቺ አትመልሻቸውም። እዚያ ላይ ራስሽን አትክሰሺ።

ሒሳብ ነው የተማርሁት ስትዪ ደግሞ አንድ ሰው ትዝ አለኝ። ቦብ ሞዝስ ይባላል፣ በ2021 ነው ያረፈው። በ1964 ሚሲሲፒ ውስጥ ጥቁሮች ድምፅ እንዲሰጡ ካደራጁት ዋነኞቹ አንዱ ነበር። ኋላ ታንዛኒያ ሄዶ አስተምሯል። በ1982 የገዛ ልጁ ክፍል ውስጥ ሒሳብ ማስተማር ጀመረ፤ ድሃ ልጅ አልጀብራ ካላወቀ የወደፊቱ በር ይዘጋበታል ብሎ ያምን ስለነበር። ልጆቹን የከተማ ባቡር ላይ ያሳፍራቸዋል። ከተነሳንበት ፌርማታ በዚህ በኩል ስንት፣ በዚያ በኩል ስንት እያለ ከዜሮ በታች ያሉ ቁጥሮችን በእግራቸው ያስተምራቸዋል።

ባቡር የለሽም። መንገድ ግን አለሽ። ፍኖተ ሰላም ዜሮ ትሁን። ወደ ቡሬ ማንኩሳ አንድ፣ ቡሬ ሁለት። ወደ ማርቆስ ጅጋ ነጌቲቭ አንድ፣ ደምበጫ ነጌቲቭ ሁለት። ሚኒባስ ላይ ረዳት የሆነ ልጅ ይህን ካንቺ በላይ ያስረዳልሻል። (የደምበጫ ልጅ ነኝ፤ ነጌቲቭ ብባል አልቀየምም።)

የሰውየው ብልሃት ከዚህም ያልፋል። በ1996 እሱ ዘንድ የተማሩ ጎረምሶች ራሳቸው ትንንሾቹን የሚያስተምሩበት ማኅበር አቋቋሙ። ትንሹ ልጅ ከጎረምሳው ይማራል፣ ጎረምሳውም ሰው ፊት ቆሞ ላለማፈር ሲል ያጠናል። ይህ ለኛ አዲስ ነው? ጎጃም ውስጥ ይህን የማያውቅ አለ? አብነት ትምህርት ቤት ገብተሽ እዪ። የኔታ ሁሉንም ልጅ አያስተምሩም። ከፍ ያለው ደቀ መዝሙር ለታናሹ ያስቀጽለዋል፣ እሱ ራሱ ደግሞ ማታ የኔታ ፊት ይቀርባል። ቆሎ እየቆረጠመ፣ በዳስ ጎጆ እያደረ ስንት ሊቅ የወጣው እንዲያ ነው። እኛ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ስንከፍት ያን ዘዴ ደጅ ጥለነው ገባን። ስለዚህ ትልልቆቹን «ኑና ተማሩ» አትበያቸው። «ይህችን ልጅ ማባዛት አስቀጽልልኝ፣ እኔ አልደርስም» በያቸው። እንደሚያስፈልግ የተነገረው ጎረምሳ እምቢ ማለት ይከብደዋል።

ሜንተር የምትለውንም እዚሁ ልዝጋው። ኒው ዮርክ ውስጥ በ1963 ሥራ ያላቸው ጥቁር ወንዶች ተሰብስበው አንድ ማኅበር አቋቋሙ፤ ኋላ በመላ አገሪቱ ተስፋፋ። ልጅ የሚያየውን ነው የሚሆነው የሚል መፈክር አላቸው። ዋና ሥራቸው እያንዳንዱ ሰው አንድን ልጅ ይዞ መከታተል ነው። እኛ ዘንድ ይህ ሰው ክርስትና አባት ይባላል። ስሙ አለ፣ ሥራው ነው የጠፋው። ልጁን ለጥምቀት አቅፎ ከዚያ በኋላ ስንተኛ ክፍል እንደደረሰ የማያውቅ ስንት የክርስትና አባት አለ? 12 ልጆች አሉሽ፤ የ12ቱን ክርስትና አባቶችና እናቶች ስም ጻፊና አንድ ሰንበቴ ቀን፣ ጠላው ሳይቀዳ፣ ቁመሽ አንብቢው። ምንም አትጨምሪ። አንብበሽ ተቀመጪ።

ጥያቄ፦ ለተከበሩ አምደኛ። የምኖረው ባሕር ዳር ነው። የ17 ዓመት ልጄ ጸጉሩን ሹሩባ ተሠርቷል፣ ሱሪው ከወገቡ ወርዷል፣ ቀን ከሌት ራፕ ነው የሚሰማው። አነጋገሩ ሁሉ እንደ ጥቁር አሜሪካዊ ሆኗል። ሌሊት ደብተር ላይ ግጥም ነገር ይጽፋል። ዱርዬ እንዳይሆንብኝ ሰጋሁ። ደብተሩን ብቀደው ይሻላል?

መልስ፦ ኧረ በፈጠረዎት አይቅደዱት! አባት የቀደደው ደብተር ተመልሶ አይጣፍም።

ሹሩባውን ተዉት። በሱ ከተከራከሩ ይሸነፋሉ፤ አጼ ቴዎድሮስም ባለ ሹሩባ ነበሩ። ሱሪውን በተመለከተ ከርስዎ ጎን ነኝ፣ ቀበቶ ይግዙለት።

ራፕ የሚሉት ነገር እንዴት እንደተጀመረ ግን ቢያውቁ ጥሩ ነው። ኦገስት 11 ቀን 1973 ኒው ዮርክ ብሮንክስ ውስጥ ሲንዲ ካምቤል የምትባል ልጅ የትምህርት ቤት መክፈቻ ልብስ መግዣ ፈለገች። ከሚኖሩበት ሕንፃ ሥር ያለውን አዳራሽ ይዛ ድግስ አዘጋጀች። ለሴት 25 ሳንቲም፣ ለወንድ 50 ሳንቲም አስከፈለች። ሙዚቃውን ያጫወተው የ18 ዓመቱ ወንድሟ ነው፤ ኩል ሄርክ የሚባለው። ሂፕ ሆፕ የተወለደው በዚያች ማታ ነው ይባላል። እንግዲህ እርስዎ የሚፈሩት ነገር መነሻው የትምህርት ቤት ልብስ ወጪ ነበር። ሰፈሩ ያኔ ቤቱ የተቃጠለ፣ ሥራ የጠፋበት፣ መንግሥት ፊቱን ያዞረበት ነበር። ልጆቹ ያላቸው አፍ ብቻ ነበር፣ በሱ ተጠቀሙ።

ሁሉም ዘፈን ደግ ነው አልልዎትም። ሽጉጥና ሐሺሽ የሚያወድስ ሞልቷል፣ ጥቁር አሜሪካውያን ቄሶችና እናቶች ራሳቸው ሲጣሉበት የኖሩት ነገር ነው። ይህን ከልጅዎ ጋር መነጋገር የሚችሉት ግን ደብተሩ ሳይቀደድ ነው።

ጎጃሜ አይደሉም እንዴ? ይህ አገር እነ ዋሸራን፣ እነ ጎንጅን ያበቀለ አገር ነው። የቅኔ ተማሪ ከሰዓት በኋላ ብቻውን ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሲያጉተመትም ያየ ሰው አበደ አይልም፤ ቅኔ እየቆጠረ ነው ይላል። የርስዎ ልጅ ሌሊት የሚያደርገውም ቤት መምታት ነው። አንድ ማታ ይግቡና «ሁለት ስንኝ አንብብልኝ» ይበሉት። ሲያነብ አይሳቁ፣ አይምከሩ። አንድ ነገር ብቻ ይጠይቁት፦ ወርቁ የቱ ጋ ነው? ካላወቀ ሰምና ወርቅን እርስዎ ያስተምሩታል። ካወቀ ደግሞ... እግዚአብሔር ያውቃል፣ ምናልባት ሰው እየወጣልዎት ነው። ኑሮ ያስመረረው ልጅ የሚጽፈውን አባቱ ካልሰማው የሚሰማው ሌላ ሰው አያጣም፤ ያ ሌላ ሰው ማን እንደሚሆን ነው የሚያሰጋው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ከቢቸና ነኝ፣ የሴቶች ማኅበር ሰብሳቢ ነኝ። አሜሪካ ያለች እህታችን ለወጣቶች ማንበቢያ ቤት ሙሉ ወጪውን ልቻል፣ እናንተ ቦታ ብቻ አሳዩኝ ትላለች። ባሎቻችን «በነጻ የመጣ በረከት ነው፣ ዝም ብላችሁ ተቀበሉ» ይሉናል። እርስዎስ ምን ይላሉ?

መልስ፦ እትዬ፣ ሙሉውን አትቀበሉ።

በአሜሪካ ደቡብ ለጥቁር ልጆች ትምህርት ቤት ያልነበረበት ዘመን ነበር። ቡከር ቲ. ዋሽንግተን የሚባለው የተስኪጊ ትምህርት ቤት መሪ ቺካጎ ያለውን ሀብታም ነጋዴ ጁሊየስ ሮዘንዋልድን አግባባው። ከ1912 እስከ 1932 በ15 ግዛቶች ወደ 5,000 የሚጠጉ ትምህርት ቤቶች ተሠሩ። ሰውየው ግን አንድ ነገር አጥብቆ ያዘ፤ ሙሉውን አልሰጥም አለ። ግማሽ ጎኑን የሰፈሩ ሰው እንዲያዋጣ፣ መንግሥትም ድርሻውን እንዲያወጣ ነው የፈለገው። ሰዎቹ ጥጥ ለቃሚዎች ናቸው፣ ብር ከየት ያመጣሉ? ጥጥ የዘሩበትን አንድ ጥግ ለትምህርት ቤቱ ለዩ። ሴቶቹ ዶሮና ምግብ ሸጡ። እንጨት ያለው እንጨት ሰጠ፣ ጉልበት ያለው ጉልበቱን ሰጠ፣ በኛ ቋንቋ ደቦ ወጡ ማለት ነው። መጨረሻ ላይ ሲደመር ሮዘንዋልድ የሰጠው 4.3 ሚሊዮን ዶላር ገደማ፣ ድሆቹ ጥቁሮች ያዋጡት 4.7 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሆነ። ከሰጪው የተቀባዩ በለጠ!

ፍትሕ ነበር እያልሁ አይደለም። እነዚያ ሰዎች እንደማንም ግብር ይከፍሉ ነበር፤ ለልጆቻቸው ትምህርት ሁለት ጊዜ ከፈሉ ማለት ነው። ግን በእጃቸው የሠሩትን ቤት የኛ ነው አሉት። የኔ ሰፈር ላይ ድርጅት በሙሉ ወጪ የሠራው የወጣቶች ማዕከል ዛሬ በሩ ተነቅሏል። ማን ነቀለው? ማንም። የማንም ስላልነበር።

እና ለእህታችሁ እንዲህ በሏት፦ ግማሹን አንቺ፣ ግማሹን እኛ። ቢቸና ጤፍ አያጣም። በየቤቱ አንድ ቁና ጤፍ፣ ካልተቻለ አንድ ቀን ጉልበት። ወጣቶቹ ደግሞ ድንጋዩን ያቅርቡ፤ እነሱ ያልነኩት ቤት የነሱ አይሆንም።

ገንዘቡ እስኪሞላም አትጠብቁ። ሜሪ ማክሊዮድ ቤቱን የምትባል ሴት በ1904 ፍሎሪዳ ዴይቶና ውስጥ ትምህርት ቤት ስትከፍት በእጇ የነበረው አንድ ዶላር ከሃምሳ ሳንቲም ነው፣ የያዘቻቸው ተማሪዎች አምስት ሴት ልጆች ናቸው። እርሳስ የለም፣ ከከሰለ እንጨት ሠሩ። ቀለም የለም፣ ከዱር ፍሬ ጨመቁ። (የኛ ደብተራዎች ቀለም እንዴት እንደሚበጠብጡ ብታይ ታቅፋቸው ነበር።) የስኳር ድንች ኬክ እየጋገረች ሸጠች። ያች ክፍል ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ናት። እናንተም ጤፉ እስኪሰበሰብ ከማኅበርተኞቹ የአንዷን ቤት ሳሎን በሳምንት ሁለት ማታ አስለቅቁና ጀምሩ።

አንድ ነገር ብቻ ቸል እንዳትሉ። ቤቱ ሲያልቅ ቁልፉ ሊቀመንበሩ ኪስ ውስጥ እንዳይገባ። ሊቀመንበር ለቅሶ ይሄዳል፣ ስብሰባ ይሄዳል፣ ልጆቹ ደጅ ቆመው ይመለሳሉ። ሁለት ወጣቶች ምረጡ፣ አንድ ሴት አንድ ወንድ፣ ቁልፉ በየተራ እነሱ ዘንድ ይደር። ማን ማን እንደሆኑ ስትመርጡ ጻፉልኝ።